የብሥራት ሆቴሉ አቶ ደምለው ጥሩነህ እና አምስተኛው መስመር

አቶ ደምለው ጥሩነህ፣ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሚካኤል፣ ከአባታቸው ከአቶ ጥሩነህ አበጋዝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበች ወልዴ በጥር ወር 1953 ዓ.ም. በሜጋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እናታቸው ገበያ ላይ ጨው ይሸጡ ነበር። ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ሲሆኑ፣ ዛሬ ከእነዚያ ውስጥ በሕይወት ያሉት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ እታለማሁ ብቻ ናቸው።

ይህን የምጽፈው እኔ ባለቤታቸው ፀዲ ነኝ። ልጆቻችን የተማሩ ናቸው፣ ከእኔ አሳምረው ይጽፉት ነበር። አቶ ደምለው ግን ታመው ተኝተው ሳለ፣ "የኔን ታሪክ ፀዲ ትጻፈው፤ ቀለም ግን እንዳትቀባኝ" ብለው አዘዋል። ለምን እኔን እንደመረጡ አውቃለሁ። ሳልናገረው ዓመታት ያሳለፍኩት አንድ ነገር አለኝ፤ ቦታው ሲደርስ እናገረዋለሁ። የሚያነብላችሁ ልጄ ሱራ ነው፤ አንድም ቃል እንዳይዘል በሚካኤል አደራ ብዬዋለሁ።

አቶ ደምለው በሜጋ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ የሶማሌ ጦርነት ሲመጣ ቤተሰቡ የልብስ መስፊያውን ሲንጀር በአህያ ጭኖ ወደ ሞያሌ ወረደ፤ ድንበሩንም ተሻግሮ በኬንያ በኩል ቡቲዬ ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራየ። ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። ስዋሂሊ ሳይችሉ ሥራ እንደማያገኙ ሲነገራቸው ጢማቸውን ይዘው ከሦስተኛ ክፍል ሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪው ወላጅ መስለዋቸው፣ "ልጅዎን ነገ ይዘው ይምጡ" አሏቸው። እሳቸውም አላፈሩም፤ "ልጁ እኔው ነኝ" አሉ። ሁለት ዓመት ተምረው ስዋሂሊውን አቀላጥፈው ወጡ። ኦሮምኛውን ከጎረቤት አውቀውት ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ከብት ጭኖ ኢሲዮሎ በሚወርድ ሎሪ ላይ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም። ዝናብ ከዘነበ ሎሪው ጭቃ ይይዘውና ሦስት አራት ቀን ሜዳ ላይ ይቆማል። ሹፌሩ ሙስሊም፣ ከረዳቶቹ ግማሹ ክርስቲያን። ሁላችሁም እንደምታውቁት እኛ ዘንድ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። አንዱ ሲበላ ሌላው ምራቁን እየዋጠ ይቀመጣል። አቶ ደምለው ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ሁለተኛ ድስትና ሁለተኛ ቢላዋ ገዝተው ሎሪው ላይ ጫኑ። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ሁሉ "ባለ ሁለት ድስቱ" ተባሉ። ምግብ መሥራትንም የተማሩት ያኔ ነው። ጨው ያበዙ ነበር፤ እስከ መጨረሻውም አልተዉም።

በጥር ወር 1979 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ተጋባን። "ሎሪውን ካልተውክ አላገባህም" አልኳቸው፣ ተዉት። በክርክር የረታኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በዓመቱ የመጀመሪያ ልጃችን ብሥራት ስትወለድ ሞያሌ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አራት ጠረጴዛ ምግብ ቤት ከፍተው በስሟ ብሥራት ሆቴል አሉት፤ እኛም በስሟ ባባ ብሥራትና ማማ ብሥራት ተባልን። ከዚያ ሱራ፣ ከዚያ ሳሌም ተወለዱ። ሦስቱም በዚያ ሆቴል ወጥ አድገው፣ ተምረው፣ ወግ ማዕረግ አይተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሆቴሉ ከመጀመሪያ ቀኑ ሁለት ማድቤት ነበረው። አንዱ በሩ ነጭ፣ ሌላው አረንጓዴ። በነጩ በር የክርስቲያን ሥጋ ይሠራል፣ ጾም ሲሆንም የጾም ምግብ። በአረንጓዴው በር ሙስሊም ያረደው ብቻ ነው የሚገባ። ቢላዋዎቹ እንኳ እጀታቸው እንደየበሩ ቀለም የተቀባ ነው። አረንጓዴውን ማድቤት የያዘችው ሀዋኦ ነች፤ ከተቀጠረች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ አሁንም አለች። ጆን ደግሞ ከሜሩ ለአንድ ሳምንት ብሎ መጥቶ ዕቃ ማጠብ ጀመረ፤ ሳምንቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ። ዛሬ አስተናጋጆቹን ሁሉ የሚመራ እሱ ነው።

በ1999 ዓ.ም. አንድ ድርጅት ነጋዴዎችን ሰብስቦ ማርሳቢት ላይ ሦስት ቀን አስተማረ። አቶ ደምለውም ሄዱ። ሲመለሱ ትልቅ ወረቀት ጠቅልለው ይዘው መጡ። እያንዳንዱ ድርጅት የሚያምንበትና የሚኖርበት እሴት ሊኖረው ይገባል ተብለው፣ አስተማሪው ያዘጋጀውን ገልብጠው ነው። ልህቀት፣ ቁርጠኝነት፣ የፈጠራ ክህሎት ይላል። ሠራተኛውን ሰብስበው እየተረጎሙ አነበቡልን። ሲጨርሱ ሀዋኦ፣ "ባባ ብሥራት፣ ልህቀት የሚሠራው በየትኛው በር ነው?" አለቻቸው። ጆን ከሳቁ ብዛት ወንበር ይዞ ወደቀ። እሳቸው ትንሽ ተቆጡ፣ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ወረቀቱን አገላብጠው ነጩን ጀርባ አዞሩና፣ "እሺ፣ እናንተ ንገሩኝ። ይሄ ቤት ምን ሲያደርግ ነው የኛ ቤት የሚሆነው? ነገ ጠዋት ልንሠራው የምንችለውን ብቻ በሉ" አሉ።

ሀዋኦ፣ ድስቱ ውስጥ ያለውን ለጠየቀን እውነቱን እንናገራለን አለች። ጆን፣ ሰው የረሳው ዕቃ ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆያል አለ። በአህያ ውሃ የሚያመጣልን ቦኩ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበርና፣ ውሃ ለጠየቀ አይከለከልም በሉ፣ እኔ እንደሁ እያመጣሁ ነው አለ። እኔም ሠራተኛ የሚበላው እንግዳ የሚበላውን ነው አልኩ። አቶ ደምለው አራቱን ከአሮጌ ሎሪ በተቆረጠ ቆርቆሮ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ አስጽፈው ከመግቢያው በላይ ሰቀሉት። ሰው ሁሉ የምግብ ዝርዝር መስሎት ያነበው ነበር። "የዚህ ዋጋ ስንት ነው?" ብለው የቀለዱባቸውም ነበሩ።

እሳቸው ግን እንደ ቀልድ አልያዙትም። የተረሳ ዕቃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ አሠሩ። ጃንጥላ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ቁርኣን፣ አንድ እግር ጫማ፣ ምን ያልነበረ አለ! አንድ የኢሲዮሎ ሰው ብርጭቆ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ረስቶ በአራተኛ ወሩ ሲመለስ፣ ጆን በየሳምንቱ እያጠበ ጠብቆለት አገኘው። ሰውዬው እዚያው ቆሞ አጠለቀውና ጥብስ አዘዘ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር አቶ ደምለው የሚጠይቁት ስለ ሥራ ልምድ አይደለም፤ ቆርቆሮው ሥር ወስደው ያስነብቡታል፣ ማንበብ ካልቻለ ራሳቸው ያነቡለታል፣ ከዚያ "የቱ ይከብድሃል?" ይሉታል። ምንም አይከብደኝም ያለውን አይቀጥሩም።

አሁን የምፈራው ቦታ ደረስኩ።

በ2008 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሀዋኦ ኦዳ መንደር ሠርግ ነበረባትና አልገባችም። ገበያው ሞልቷል፣ አውቶቡስም ገብቷል። በአረንጓዴው በር ጥብስ ያዘዘው ሰው ከሃያ በላይ ሲሆን ሥጋው አለቀ። ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ በሳፋ ተሸፍኖ የተቀመጠ የፍየል ሥጋ ነበር። ሀዋኦ አስቀምጣው የሄደች መሰለኝ። መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም። በአረንጓዴው ቢላዋ ከትፌ በአረንጓዴው መጥበሻ ጠበስኩት። ሥጋው የኛ ነበር፤ ጠዋት በነጩ በር በኩል የታረደ።

በልተው ከሄዱ በኋላ ሀዋኦ ከሠርግ በጊዜ ተመልሳ ሳፋውን አየች። "ማማ ብሥራት፣ ይሄ ፎን ከየት ነው?" ስትለኝ፣ ሥጋውን ማለቷ ነው፣ ያኔ ነው የገባኝ። እሷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ የማድቤቱን በር ዘጋሁና ልቅሶዋን ሰምተው የገቡትን አቶ ደምለውን፣ "ዝም በል። በልተው ሄደዋል፣ ከሆዳቸው አይወጣ። ብትናገር ቤታችን ይዘጋል፣ ሀዋኦም ጆንም ሜዳ ላይ ይቀራሉ" አልኳቸው። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዳዊት የምደግም፣ ቅዳሴ የማላስታጉል ሴት።

አልጮኹብኝም። ኮታቸውን ለበሱና በእግራቸው ወደ መስጊዱ ሄዱ። የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት እስኪያበቃ ከውጭ በሩ ላይ ቆሙ። ሰው ሲወጣ፣ "ዛሬ እኔ ቤት ጥብስ የበላችሁ ስሙኝ። የበላችሁት ክርስቲያን ያረደውን ነው። በስህተት ነው፤ ስህተቱ ግን የቤቴ ነው። ይቅር በሉኝ" አሉ። አንዳንዱ ጮኸባቸው። ኢማሙ ሳያውቅ የበላ ሰው ኃጢአት የለበትም ብለው ሰዉን አረጋጉ። ከበሉት አንዱ ግን ለዕድሜያቸው ክብር ምዜ፣ ሽማግሌው፣ የምንላቸው ግመል ነጋዴው ጎሊቻ ነበሩ፤ ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ ያቺን የመስኮት ሥር ወንበር የያዙ ደንበኛ፣ ለልጄ ለሳሌም የመጀመሪያ ፍየሏን የሰጡ ሰው።

ምዜ ጎሊቻ ቀረብ ብለው፣ "ማነው የሠራው?" አሏቸው።

"ቤቱ ነው" አሉ አቶ ደምለው።

"ቤት እጅ የለውም፣ ደምለው። የማን እጅ ነው?"

አቶ ደምለው ስም አልሰጡም። ምዜ ጎሊቻም፣ "እንግዲያው የሰውየውን ስም እስክሰማ ድረስ ከቤትህ ውሃ አልጠጣም" ብለው ሄዱ።

ቤት ሲመለሱ ቆርቆሮውን አውርደው በብብታቸው ይዘው ወጡ። በአሥረኛው ቀን መልሰው ሲሰቅሉት አምስተኛ መስመር ተጨምሮበታል፤ ስንሳሳት፣ ሳንጠየቅ የምንናገረው እኛ ነን ይላል። ለእኔም፣ "ስምሽን እኔ አልሰጥም፤ ሚስቴ ነሽ። የምትሰጪው አንቺ ነሽ፣ ስትችዪ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ባወጡት ደንብ ላይ አንዲት ቀዳዳ የተዉት ለእኔ ሲሉ ነው።

የአረንጓዴው በር ቁልፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀዋኦ እጅ ብቻ ሆነ። አቶ ደምለው ራሳቸው ባለቤቱ ሆነው ደጃፉ ላይ ቆመው፣ "ሀዋኦ፣ ልግባ?" ይሉ ነበር። "አይቻልም" ትላቸዋለች፤ እየሳቁ ይመለሳሉ። ለሰባት ወር ያህል በዚያ በኩል ያሉት ጠረጴዛዎች ባዶ ዋሉ። አንድም ሰው አላሰናበቱም። ከዚያ ሰዉ ጥቂት በጥቂት ተመለሰ፤ ስህተቱን በራሱ አፍ የነገረን ቤት ይሄ ብቻ ነው እያለ። ምዜ ጎሊቻ ግን አልተመለሱም። በመንገድ ሲገናኙ ሁለቱ ተሳስመው፣ የከብቱን የዝናቡን ተጠያይቀው ይለያያሉ። የምዜ ጎሊቻ ባለቤት ሲያርፉ አቶ ደምለው ሦስት ቀን ከለቅሶው አልተለዩም። በ2014 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በራችን ላይ በርሜል ውሃ አስቀምጠን ከቦሪ የሚመጣ እረኛ ሁሉ ይጠጣ ነበር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ምዜ ጎሊቻ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ልጆቹን አንድ በአንድ አጠጡ። እሳቸው ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ቆመው አዩአቸው፣ ሳይጠጡ ሄዱ። በመስኮት አይቻለሁ። ያን ጊዜም ወጥቼ አልተናገርኩም።

ስሜን ባልሰጥ ሰዉ ሌላ ስም ፈለገ። ጆን የውጭ ሰው ነውና እሱ ነው ተባለ። ገበያ ባለፈ ቁጥር፣ "ጆን፣ ዛሬ የማን ፍየል ነው?" ይሉታል። "የአማትህ ናት!" ብሎ ያልፋል። አቶ ደምለው በየቦታው ጆን አይደለም ብለው ይምላሉ፤ ማን ይመን። ጆን እውነቱን ያውቅ ነበር፤ ለእሳቸው ብሎ ቻለው። እኔ ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፣ ንስሐዬንም ፈጽሜያለሁ። ግን በየቀኑ በአምስተኛው መስመር ሥር እየገባሁ እየወጣሁ ለሰው አልተናገርኩም። ዘጠኝ ዓመት ተኩል።

አቶ ደምለው የስኳር ሕመም ከያዛቸው ቆይቷል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኩላሊታቸው ደክሞ ማርሳቢትና ናይሮቢ ታክመዋል። ከናይሮቢ በራሳቸው ፈቃድ ተመልሰው የመጨረሻውን ወር ቤታቸው ሆነው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ከመስኮቱ ቆርቆሮውን እያዩ አሳለፉ። የደከመውን ቀለም ሱራ እንዲያድሰው አደረጉ። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በክርስትና ስማቸው ጠባቂ በቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል፣ ዓርብ ጠዋት በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ምዜ ጎሊቻ ከሽማግሌዎች ጋር ለቅሶ መጡ። ዱዓ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

"ማማ ብሥራት፣ ይሄን ውሃ እንደማልጠጣ ታውቂያለሽ" አሉኝ።

"አውቃለሁ። ስሙን ይዤ ነው የመጣሁ። እጁ የኔ ነው።"

"ገበያ ላይ ጆንን ሲሰድቡት ትሰሚ ነበር?" አሉኝ።

"እሰማ ነበር።"

ብርጭቆውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ለእኔ በጆሮዬ ነገርሽኝ። ጆን የተሰደበው በአደባባይ ነው። ነገ ሰው ሁሉ ባለበት በይው። ውሃውን አቆዪልኝ" ብለው ተነሡ።

ይኸው ሰው ሁሉ አለ። ከወዲህም ከወዲያም ሞያሌ የመጣችሁ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስሙኝ። ያን ቀን ሥጋውን የቀላቀልኩት እኔ ፀዲ ነኝ። ሀዋኦ አይደለችም። ጆን አይደለም። የበላችሁ ይቅር በሉኝ። ጆን፣ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ አንተ ነህ፤ ትከሻህ ላይ የኔንም ሸክም ያን ሁሉ ዓመት አኑሬብሃለሁ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።

አቶ ደምለው ጥሩነህ ባለቤታቸውን፣ ብሥራትን፣ ሱራንና ሳሌምን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን ወይዘሮ እታለማሁን፣ እንዲሁም ቤተሰብ እንጂ ሠራተኛ ብለዋቸው የማያውቁትን የብሥራት ሆቴል ሰዎች ትተው አልፈዋል። ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ አንድ፣ በሩ ሁለት ነው፤ አረንጓዴውን ሀዋኦ ይዛዋለች፣ ድስቱ ውስጥ ያለውን ጠይቋት። የምዜ ጎሊቻ ብርጭቆም በመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ጆን ሳህን ከድኖበት ተቀምጧል። ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆያል።

ጌታ ሆይ፣ ባሪያህ ኃይለ ሚካኤል ለተጠማ ውሃ ያልነፈገ ነውና ከሕይወት ውሃህ አጠጣው። እኔ ስናገር ያረፈድኩትን ይቅር ብለህ፣ እሱን በጊዜ ከደጅህ አስገባው። አሜን።